ፎቶው ኮምፒውተር ውስጥ አልገባ ሲል

ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ። በቅድሚያ አንድ ነገር ልበል፦ ኮምፒውተሩ ስህተት ብሎ የሚጽፈውን ሁሉ እንዳለ አትመኑት።

ጥያቄ፦ ከአይፎኔ ወደ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ፎቶ ስገለብጥ መሃል ላይ «መሣሪያው እየሠራ አይደለም» ብሎ ያቆማል። ስልኩ ግን ደህና ነው።

መልስ፦ እውነትሽን ነው እህቴ፣ ስልኩ ምንም አልሆነም። አይፎን ከ2017 ወዲህ ፎቶ የሚያስቀምጠው ኤችኢአይሲ በሚባል ፎርማት ነው። ወደ ኮምፒውተር ሲልክ ግን «አውቶማቲክ» ላይ ከሆነ አንድ በአንድ ወደ ተለመደው የፎቶ ፎርማት፣ ወደ ጄፔግ እየቀየረ ነው። ቅየራው ሲጓተት ዊንዶውስ ስልኩ የሞተ ይመስለዋል። ሴቲንግ ውስጥ ፎቶስ ግቢና እስከ ታች ውረጂ። አይኦኤስ 18 ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ከሆነ ፎቶስን አፕስ ውስጥ ታገኚዋለሽ። «ትራንስፈር ቱ ማክ ኦር ፒሲ» ከሚለው ሥር «ኪፕ ኦሪጂናልስ»ን ምረጪ። ኬብሉን ንቀይና መልሰሽ ሰኪ፤ ስልኩ እንዳይቆለፍ።

ጥያቄ፦ ተባረክ፣ ገባ! አሁን ደግሞ አልከፈት አለኝ።

መልስ፦ ይሄንንም ጠብቄ ነበር። ከማይክሮሶፍት ስቶር «ሄይፍ ኢሜጅ ኤክስቴንሽንስ»ን ጫኚ፣ ነፃ ነው። አንዳንዱ ኮምፒውተር ኤችኢቪሲ የሚባለውን ተጨማሪ ኤክስቴንሽንም ይፈልጋል፤ እሱ በዶላር ነው፣ የሱን ጣጣ ታውቂዋለሽ። ወደፊት ለምታነሺው፣ ካሜራ ሴቲንግ ውስጥ ፎርማቱን «ሞስት ኮምፓቲብል» አድርጊው። በቀጥታ ጄፔግ ያነሳል።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ የክርስትና ፎቶ ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው ያለው። ኮምፒውተሩ «ፎርማት ላድርገው?» ይለኛል። እሺ ልበል?

መልስ፦ አባቴ፣ በፍጹም እንዳይሉት! እዚህ ላይ ፎርማት ማለት ካርዱን አጽድቶ እንደ አዲስ ማዘጋጀት ነው። ካርዱን ያውጡት፤ አንድም ፎቶ አይጨምሩበት። መጀመሪያ ሌላ ካርድ ሪደር ተውሰው ይሞክሩ። አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ የካርዱ ሳይሆን የሪደሩ ነው። እምቢ ካለ ፎቶሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። የጠፉ ፎቶዎችን ከካርዱ ፈልቅቆ ያወጣል፤ የፋይል ስማቸው ግን አይመለስም። ያገኘውን ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጡት እንጂ እዚያው ካርድ ላይ እንዳያደርጉ። ስክሪኑ ጥቁር፣ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ከልጆቹ አንዱ አጠገብዎ ቢቀመጥ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሳምሰንጌ ቻርጅ ያደርጋል እንጂ ኮምፒውተሩ አያየውም።

መልስ፦ ከላይ ኖቲፊኬሽኑን ጎትተህ «ፋይል ትራንስፈር» በለው። ምርጫው ጭራሽ ካልመጣ ኬብል ቀይር። ርካሾቹ ውስጥ የዳታ ሽቦ የሌላቸው ሞልተዋል።

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኛዬ ያነሳነውን የሰርግ ፎቶ አንድ ላይ ሳስገባው ተመሰቃቀለ። ሙሽራዋ ከቤት ሳትወጣ ምሳ ይበላል!

መልስ፦ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ካሜራውን በሀበሻ ሰዓት ሞልታችኋል። እኔም ሠርቼዋለሁ። የምሳው 7 ሰዓት ካሜራው ላይ የንጋት 7 ሆኖ ተመዝግቧል፤ የሌላኛው ካሜራ ጠዋት 3 ሰዓት ደግሞ 9 ይላል። በሀበሻ ሰዓት የተሞላውን ካሜራ ፎቶዎች ብቻ ምረጥና 6 ሰዓት ጨምርባቸው። ማክ ላይ ከሆንክ ፎቶስ ውስጥ «አድጀስት ዴት ኤንድ ታይም» አለልህ። ዊንዶውስ ላይ ዲጂካም የሚባል ፕሮግራም በነፃ ይሠራልሃል፤ መጀመሪያ ግን ኮፒ ያዝ።