ትምህርት ቤቱ ከመስኮቴ ይታያል፤ መንገዱ ግን የለም

ጥያቄ፦ የምኖረው የካ አባዶ አካባቢ ነው። የልጄ ትምህርት ቤት ከመስኮቴ ይታየኛል። ይሁን እንጂ በመካከላችን ያለው መንደር ዙሪያውን በግንብ በመታጠሩ በየቀኑ እስከ ዋናው አስፋልት ወጥተን መዞር ግድ ሆኖብናል። ከተማው በሰፋ ቁጥር መንገዱ ለምን ይረዝምብናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያስቸገርዎት የመንገዶች አለመገናኘት ነው። በር የሌለው 800 ሜትር አጥር ጀርባ ለጀርባ ያሉ ሁለት ቤቶችን ቢለይ፣ ከአጥሩ መሐል የሚነሳ ሰው እስከ ጫፉ 400፣ ከዚያም ወደ ጎረቤቱ ሌላ 400 ሜትር ይጓዛል። መሐሉ ላይ አንዲት የእግረኛ በር ብትከፈት ግን ጉዞው የጥቂት እርምጃ ይሆናል።

በቀድሞዎቹ የአዲስ አበባ ሰፈሮች እግር የፈጠራቸው ቀጫጭን መንገዶች፣ ጠባብና ጭቃማ ቢሆኑም፣ ሰፈርን ከሰፈር ያገናኙ ነበር። በከተማው ዳርቻ ግን ግንባታው ቁርጥራጭ ነው፤ የኮንዶሚኒየም ሳይቱም፣ የሪል እስቴቱ ግቢም፣ የማኅበር ቤቱም የውስጥ መንገዱን ለብቻው እየነደፈ በአንድ ወይም በሁለት በር ብቻ ከአስፋልቱ ጋር ስለሚያያዝ፣ ለጎረቤት ሰፈር የወጣውም ወደ መገናኛ አካባቢ የሚሄደውም እዚያው አንድ መንገድ ላይ ይደራረባል። የጠዋቱ የታክሲ ሰልፍ ከፊሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በአሜሪካ መውጫ የሌላቸው የሰፈር መንገዶች ለአሥርተ ዓመታት ከተስፋፉ በኋላ በአዳዲስ ሰፈሮች መቀነስ የጀመሩት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች አሰፋፈር ፕሮግራም (ዩኤን ሃቢታት) ለአዲስ ሰፈር ቢያንስ 30 በመቶ መሬት ለመንገድ እንዲተው፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትርም ቢያንስ 18 ኪሎ ሜትር መንገድ እንዲኖር ይመክራል። እኔ ከስፋቱ ይልቅ መጋጠሚያውን አስቀድማለሁ፤ ሰፊ አስፋልት ብቻውን ልጅዎን ትምህርት ቤት አያደርስም። ደግሞም ቤት ፈርሶ ይሠራል እንጂ የመንገድ መስመር በቀላሉ አይለወጥም፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን በመርካቶ የተቀየሰው ቀጥ ያለ የመንገድ መስመር ሕንፃዎቹ ተቀይረው እንኳ እስከ ዛሬ አለ። ግንቡ ሳይሠራ መተላለፊያውን ማስከበር ይቀል የነበረውም ለዚህ ነው።

አሁን ግን ከጎረቤቶችዎ ጋር ሆነው በወረዳው በኩል የአካባቢውን ፕላን ይጠይቁ፤ በፕላኑ ላይ መተላለፊያ ተሠምሮ ከሆነ አቤቱታዎ ጽኑ መሠረት ያገኛል። ካልተሠመረም የመንደሩን ነዋሪዎች ማኅበር የእግረኛ በር እንዲከፍት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ልጆቹ የሚዞሩትን ርቀት በሜትር ለክተው ይጥቀሱ፣ በሩ ማታ ማታ እንዲዘጋም አስቀድመው ይስማሙ።