የጋላቢ እጅና የፈረስ አፍ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ከእንጅባራ አንድ ወጣት ለጥር 23ቱ የፈረሰኞች በዓል እየተለማመደ ነው። ዛቡን፣ ማለትም ከልጓሙ ጋር የተያያዘውን መሳቢያ ጠፍር፣ ሲስብ ፈረሱ አንገቱን ወደ ላይ ይወረውራል። ሰዎች «ጠንከር ያለ ልጓም አድርግበት» ብለውታል።

እባክህ አታድርግ! ልጓሙ የሚያርፈው በፊት ጥርስና በመንጋጋ ጥርስ መካከል ባለው ባዶ ድድ ላይ ነው። ድዱ ስስ ነው፤ ከሥሩ አጥንት አለ። ፈረስህ ከሕመም እየሸሸ ነው። አንተ ስታጠብቅ እሱ ይብስበታል።

በእርምጃ ጀምር። ፈረስ ሲራመድ ራሱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። እጅህ ድርቅ ካለ በየእርምጃው አፉን ትመታዋለህ። ክርንህን አላላው፤ እጅህ ከፈረሱ ራስ ጋር ይሂድ፣ ይመለስ። ዛቡ በቀለበት ጣትህና በትንሿ ጣትህ መካከል ይለፍ፣ አውራ ጣትህ ከላይ ይረፍ። አይወጠር፣ ተንጠልጥሎም አይወዛወዝ። ሶምሶማ ላይ ራሱ ብዙም ስለማይነቃነቅ እጅህም ይርጋ። ከሶምሶማ ፈጠን ባለው ደንገላሳ ላይ እንደገና ተከተለው። ሽምጡን ለጊዜው ተወው።

ለማቆም ወገብህን አቅና፣ ተንፍስ፣ ከዚያ ጣቶችህን ጨበጥ አድርግ። ፈረሱ ቀዝቀዝ እንዳለ ወዲያው ለቀቅ! የሚማረው ስትለቅለት ነው። ከዘገየህ ምን እንዳደረገ አይገባውም። ሲገባው ልጓሙን ቀስ ብሎ ያላምጣል፣ ጆሮውን ወደ አንተ ይመልሳል።

ጉግስ ላይ ፈረስ በድንገት ተስቦ አፉን ሲበረግድ ሰው ያጨበጭባል። እኔን ያመኛል። የዓድዋን ፈረሶች በምንዘክርበት ሜዳ የፈረስ አፍ መድማት የለበትም።

ጓንት ያስፈልጋል ወይ ላላችሁኝ፦ ዛቡ እጃችሁን ከላጠ አድርጉ።

ከግልቢያ በኋላ ጭናቸውን የሚያማቸው አባት፣ ያልለመደ ጡንቻ ነው፤ ካልተሻለዎት ሐኪም ይይዎት።

አንዲት የአዲስ አበባ እናት የ8 ዓመት ልጃቸው እንዳትወድቅ ዛቡ ላይ እንደምትንጠለጠል ጽፈዋል። ዛቡን ይቀበሏት። አሠልጣኙ ፈረሱን በረጅም ገመድ ይዞ ያዙርላት። ስትፈራ ጋማውን ትያዝ። ሚዛኗን ስትጠብቅ ዛቡ ይመለስላታል። አሠልጣኙ «ጊዜ የለኝም» ካለ ሌላ ይፈልጉ።

የደብረ ብርሃኑ አንባቢ ፈረስ ወደ ግራ አልዞርም ይላል፤ ገብሱንም አላምጦ ይጥላል። እሳቸው የጠየቁኝ ግን የዛብ አያያዝ ነው። ወንድሜ፣ ይህ የጥርስ ነገር ይመስላል። ሹል ጥርስ ጉንጩን ቆርጦት ሊሆን ይችላል። ነገ ዛሬ ሳይሉ የእንስሳት ሐኪም ያሳዩት፤ እስከዚያ አፉ ውስጥ ልጓም እንዳይገባ። ሐኪሙ ሳያየው ስለ ዛብ አንድ ቃል አልጽፍልዎትም።