መልስ፦ ጂን ማረም ኃጢአት ነው ወይ?
እህቴ፣ «ጂን ማረም በፈጣሪ ሥራ መግባት አይደለም ወይ?» ላልሽው፣ እዚህ ሀዋሳ ባዮሎጂ ሳስተምር ተማሪዎቼም ይህንኑ ያነሱብኛል። ጂን ማረም ማለት በሴል ውስጥ ያለውን የዘር መረጃ መቀየር ነው፤ ግን ሁለት ነገር ነው የተቀላቀለው። እንግሊዝና አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 ቀይ የደም ሴሎችን ማጭድ መሳይ ለሚያደርገው የዘር ሕመም፣ ለሲክል ሴል በሽታ በፈቀዱት የካስጌቪ ሕክምና፣ የታማሚው የራሱ ደም ሠሪ ሴሎች ወጥተው፣ በፅንስነቱ የነበረውን ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከም ፕሮቲን) ዳግም እንዲያመርቱ ታርመው ይመለሱለታል። ለውጡ ለልጁ አይተላለፍም። ቻይናዊው ሳይንቲስት ሄ ጂያንኩይ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ያደረገው ግን ፅንስ ላይ ነው፤ ለልጅ ልጅ ሊተርፍ ይችላል። ሦስት ዓመት እስር ተፈረደበት፤ እኔ አላዘንኩለትም።

ይልቅ የሚያስጨንቀኝ የካስጌቪ ዋጋ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ታማሚ 2.2 ሚሊዮን ዶላር። ይህን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ኃጢአቱን ትተው ወደ ብር ማስላት ይጀምራሉ።