ቃለ ጉባኤውን ሳታነቡ እንዳትፈርሙ

ሰሞኑን አንዲት ተማሪ «ጋሼ፣ የዩኒቨርሲቲያችን ሴኔት ላይ የተማሪ ተወካይ ሆኜ ተመርጫለሁ፣ እዛ ገብቼ ምንድነው የምሰራው?» ብላ ጻፈችልኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝና ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

ወጣት ሌክቸረር እያለሁ የስኮላርሺፕ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ የትምህርት እድል መጣ፣ መስፈርቱ ተለጠፈ፣ አንድ ዝምተኛ ባልደረባችን በነጥብ ሁሉንም በለጠ። ስብሰባው ላይ ሰብሳቢው ፋይሉን ገለጥ ገለጥ አደረገና «የአገልግሎት ዘመንም መታየት አለበት» አለ። ማስታወቂያው ላይ እንዲህ የሚል ነገር የለም፣ ግን ነጥቡ እንደገና ተደመረና ልጁ ሁለተኛ ወጣ። እኔ ምክንያቱን ቃለ ጉባኤው ላይ አስፍሬው ነበር፣ ሰብሳቢው በሰማያዊ እስክሪብቶ ሰረዘውና ከላዩ «በስፋት ከተወያየን በኋላ ተወስኗል» ብሎ ጻፈበት። ልጁ አቤቱታ አስገባ፣ አቤቱታውን የሚያየው ማን ሆነ መሰላችሁ? ያው ሰብሳቢ! መልሱም «ቃለ ጉባኤውን ይመልከቱ» የሚል ነበር፣ እዛ ላይ ያለችው ደግሞ ያቺው አንድ መስመር ናት። ልጁ ብዙም ሳይቆይ ማስተማሩን ጥሎ ሄደ፣ እንደሱ የፈተና ጥያቄ የሚያወጣ ሰው ከዛ በኋላ አላገኘንም።

ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበረም፣ ስታትስቲክስ እንደሱ የሚያስተምር አላየሁም፣ ክፍሉ ጢም ብሎ ነበር የሚሞላው። ግን ማንም ሲጠይቀው «ተቋሙ ነፃነት አለው» ይል ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ ከፍተኛ ትምህርት መምህራን ባወጣው ምክረ ሐሳብ የተቋማት ነፃነትና ለሕዝብ ተጠያቂ መሆን አብረው ነው የተቀመጡት፣ የመጀመሪያውን ብቻ መርጦ ማንበብ የለመደብን ነገር ነው።

እናንተ ደግሞ የዛሬ ልጆች ግልጽነት ሲባል ስክሪንሹት አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ ይመስላችኋል። የሰው ውጤት ከነስሙ መበተን ግልጽነት አይደለም። እውነቱን ለመናገር ግን ያኔ ቴሌግራም ቢኖር እኔም ያቺን ገጽ ሳልለቃት የምቀር አይመስለኝም።

በሰዓቱ ድረሱ፣ አጀንዳውን አንብቡ ምናምን አልላችሁም። አዲስ መስፈርት ስብሰባ መሀል ከተነሳ «ማስታወቂያው ላይ አለ ወይ?» በሉ። የወሰነው ሰው አቤቱታውንም ራሱ የሚያይ ከሆነ ሌላ ሰው ይየው በሉ። የኦዲት ሪፖርት ሲቀርብ ያምናው ግኝት ምን እርምጃ እንደተወሰደበት ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ጸጥታ የሚሆነው እዛ ጋ ነው። ካልተስማማችሁ «የልዩነት ሐሳቤ ከነምክንያቱ ይመዝገብልኝ» በሉ፣ መመዝገቡን በዓይናችሁ ሳታዩ አትፈርሙ፣ «ለሚቀጥለው ስብሰባ እናስተካክለዋለን» ቢሏችሁም እንኳን።