ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሳምንት ሙሉ የማይደርቀው ዳቦ ውስጥ ምን አለ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ41 ዓመት ሴት ነኝ። የምገዛው የታሸገ ዳቦ ሳምንት ቢቀመጥም ለስላሳ ነው። እርጎውም ውሃ አያወጣም። ማሸጊያቸውን ሳነብ ኢ 471፣ ኢ 282፣ ስታርች፣ ፔክቲን የሚል ነገር አለበት። ስኳር ለመቀነስ ብዬ ስኳር አልባ ብስኩት ከጀመርኩ ወዲህ ደግሞ ሆዴን ይነፋኛል። አብረውኝ የሚኖሩት እናቴ የኩላሊት ሕመም አለባቸው፤ ቋሊማና በስላይስ የሚሸጠውን ቺዝ ይወዳሉ። ቁጥር የተጻፈበት ሁሉ መርዝ ነው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ምኑን ልተወው?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። ቁጥር የተጻፈበት ሁሉ መርዝ አይደለም። ቫይታሚን ሲ ራሱ ኢ 300 ነው። የእርድ ቢጫ ቀለም ኢ 100 ነው። ፔክቲንም ኢ 440 የሚል ቁጥር አለው፤ ፖም በበሉ ቁጥር ይበሉታል። ቁጥሩ የሚነግርዎ ነገሩ ተመርምሮ እንደተመዘገበ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ ከ1956 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህን ሥራ ሲሠራ ኖሯል። ብዙውን ጊዜ በእንስሳት ላይ ጉዳት ያላሳየውን መጠን ለ100 ያካፍሉና ለሰው የሚፈቀደውን የቀን ልክ ያወጣሉ።

ግን "አይዞዎት፣ ሁሉም ደህና ነው" ብዬ አላሰናብትዎትም። ለእርስዎ ምንም የማያደርግ ነገር እናትዎን በደንብ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ነገር ምግቡ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ፣ ከዚያም በማን ሰውነት ውስጥ እንደሚያልፍ እንይ።

ዳቦው ይቅደም። ዳቦ የሚደርቀው ውሃው ስለሚተን ብቻ አይደለም። ሲጋገር ውሃ ጠጥቶ የላላው ስታርች (የዱቄቱ ዋና ክፍል)፣ ዳቦው ከቀዘቀዘ በኋላ ቀስ በቀስ መልሶ ይደራጅና ይጠነክራል። በላስቲክ ጠቅልለው ያስቀመጡት ዳቦ እንኳ የሚገረጅፈው ለዚህ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ ይብሳል፤ ቅዝቃዜው ሂደቱን ያፋጥነዋል። (ዳቦ ማቆየት ከፈለጉ ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡት። ፍሪጅ ለዳቦ አይሆንም።) ኢ 471 ሞኖ እና ዳይግሊሰራይድ የሚባለው ነው። ከስታርቹ ጋር ይያያዝና መጠንከሩን ያዘገየዋል። የሚሠራው ከዘይት ወይም ከስብ ነው። አንጀታችንም ተራ ዘይት ሲፈጭ ሞኖግሊሰራይድ ያወጣል፤ ስለዚህ ለሆድዎ እንግዳ አይደለም። ኢ 282 ደግሞ ካልሲየም ፕሮፒዮኔት ነው፤ ሥራው ሻጋታን መከላከል ነው። የትልቁ አንጀታችን ባክቴሪያዎችም ፋይበር ሲያብላሉ ፕሮፒዮኔት ይሠራሉ።

ዳቦ ላይ የማልወደው አንድ ነገር አለ፤ ፖታሲየም ብሮሜት፣ ቁጥሩ ኢ 924። ሊጡን ያጠነክራል፣ ዳቦውን በደንብ ያስነሳል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ "በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል" ከሚላቸው ውስጥ መድቦታል። በአውሮፓ ኅብረት፣ በብሪታንያና በካናዳ አይፈቀድም። ማሸጊያው ላይ ካዩት ሌላ ዳቦ ይግዙ።

እርጎው ቀላል ነው። እርጎ ሲቆይ አጓት ይወጣዋል። ይህ የመበላሸት ምልክት አይደለም፤ ፕሮቲኑ ሲጨማደድ ውሃውን እየለቀቀ ነው። አምራቹ ግን ገዢው አጓት ሲያይ እንደሚሸሽ ያውቃል። ስለዚህ ስታርች፣ ፔክቲን ወይም ጄላቲን ይጨምርበታል፤ እነዚህ ውሃውን ይዘው ያስቀራሉ። ቅባቱ የወጣለት እርጎ ላይ ይበልጥ ያስፈልጋሉ፤ ቅባቱ ሲሄድ ወፍራምነቱም አብሮ ይሄዳልና። በዚህ የሚጎዳ ሰው ብዙ አይደለም። እኔ እርስዎን ብሆን ስታርቹን ትቼ የስኳሩን መጠን አነብ ነበር። "ቅባት አልባ" የሚል በትልቁ የተጻፈበት እርጎ ስኳሩ ሲቆጠር የሚያስደነግጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ክርክር ወዳለበት እንሂድ። ኢመልሲፋየር የሚባሉት በውሃና በዘይት መካከል የገቡ ሽማግሌዎች ናቸው፤ አንድ ጎናቸው ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ዘይት ይወዳል፣ ሁለቱን አስማምተው ያቆያሉ። ማዮኔዝ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው የእንቁላል አስኳል ውስጥ ያለው ሌሲቲን ነው። ፋብሪካዎች ከሌሲቲን ሌላ ፖሊሶርቤት 80፣ ለማወፈርና ለማርጋት ደግሞ ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ ይጠቀማሉ። በ2015 የታተመ ጥናት እነዚህ ሁለቱ በአይጦች ላይ የአንጀትን ባክቴሪያ እንደሚያዛቡና ቀለል ያለ ብግነት እንደሚያስነሱ አሳየ። ነገሩ ያኔ ብዙ አነጋገረ። በ2022 ደግሞ በ16 ጤነኛ ሰዎች ላይ ተሞከረ። ግማሾቹ በቀን 15 ግራም ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ ለ11 ቀን ወሰዱ። የባክቴሪያቸው ዓይነት ቀነሰ፤ ከምግብ በኋላ የሆድ አለመመቸት ጨመረ። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፣ መጠኑም ከፍ ያለ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ብቻ ተነስቼ ጤነኛ ሰው ላይ እገዳ አልጥልም። የክሮንስ በሽታ ወይም ሌላ የአንጀት ቁስለት ያለበት ታካሚ ሲጠይቀኝ ግን "ቀንሰው" እላለሁ። ቢቀንሰው የሚያጣው ነገር የለም።

ከኬሚካሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ልስላሴው ራሱ ነው። ለስላሳ ምግብ ብዙ አይታኘክም፤ ሳይታኘክ ቶሎ ይዋጣል። ሆድ "ጠገብኩ" የሚለውን መልእክት ልኮ አእምሮ እስኪሰማው ጊዜ ይፈጃል፤ እስከዚያ ሳህኑ ባዶ ሆኗል። በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት 20 ሰዎች ሆስፒታል ገብተው ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ በጣም የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙ ያልተቀነባበረ ምግብ ቀረበላቸው። የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ቅባት፣ ጨውና ፋይበር ተመጣጣኝ ነበር። የፈለጉትን ያህል ይብሉ ተባሉ። የተቀነባበረውን ሲበሉ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ጨምረው በሉ፤ ክብደታቸውም አንድ ኪሎ በሚጠጋ ጨመረ። ሌላውን ሲበሉ ያንኑ ያህል ቀነሱ። የሚበሉበት ፍጥነትም ለየቅል ነበር፤ የተቀነባበረውን ቶሎ ቶሎ ነበር የሚጨርሱት። ምክንያቱ ፍጥነቱ ብቻ ነው ማለት አይደለም። ቢሆንም ለስላሳውን ዳቦ ከቁጥሩ ይልቅ በዚህ በኩል ቢጠረጥሩት ደስ ይለኛል።

ወደ ሆድዎ መነፋት ልምጣ። ከዳቦው ይልቅ እኔ ብስኩቱን ነው የምጠረጥረው። ከብስኩት ውስጥ ስኳር ሲወጣ የሚጎድለው ጣዕም ብቻ አይደለም። ስኳር ለብስኩቱ ክብደት፣ ለፉርሽነቱና ለቀለሙ ጭምር ይሠራል። ያንን ለመተካት ብዙ ጊዜ ማልቲቶል (ኢ 965) ወይም ሶርቢቶል (ኢ 420) ይገባል፤ አንዳንዴም ኢኑሊን የሚባል ፋይበር ይጨመራል። እነዚህ በትንሹ አንጀት በከፊል ብቻ ነው የሚመጠጡት፤ ኢኑሊን ጭራሽ አይፈጭም። የቀረው ትልቁ አንጀት ይደርስና ባክቴሪያዎቹ ያብላሉታል። ውጤቱ ጋዝ ነው። ማልቲቶልና ሶርቢቶል ውሃም ስለሚስቡ መጠኑ ሲበዛ ያስቀምጣሉ። በአውሮፓ ከ10 በመቶ በላይ እንዲህ ያለ ማጣፈጫ ያለበት ምርት "ከመጠን በላይ ከተበላ ሊያስቀምጥ ይችላል" ብሎ እንዲጽፍ ይገደዳል። ብስኩቱን ለሁለት ሳምንት ይተዉት፤ ዳቦውንና እርጎውን ግን አይንኩ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከተዉ የትኛው እንደሆነ መቼም አያውቁም። ስኳር አልባ ማስቲካም የሚያኝኩ ከሆነ አብሮ ይቁም፤ እሱም ውስጥ ሶርቢቶል አይጠፋም።

የእናትዎ ጉዳይ ከእርስዎ ይበልጥ ይከብዳል። ቋሊማ ውስጥ ፎስፌት (ፎስፈረስ ያለበት ጨው) የሚጨመረው የሥጋው ፕሮቲን ውሃ እንዲይዝ ነው። ሥጋው ሲበስል ጭማቂው አይፈስም፣ ሲቆረጥ አይበታተንም፤ በክብደት የሚሸጥ ነገር ላይ ደግሞ ውሃ መያዝ ለአምራቹ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያቅትም። ቺዙም እንደዚሁ ነው። ተራ ቺዝ ሲሞቅ ዘይቱ ይለያል፤ የስላይሱ ቺዝ ተስተካክሎ የሚቀልጠው ብዙ ጊዜ በፎስፌት ጨው ነው። ጥቁር የኮላ መጠጦችም ፎስፎሪክ አሲድ አላቸው።

ጤነኛ ኩላሊት ትርፍ ፎስፈረስን በሽንት ያስወጣዋል። የተዳከመ ኩላሊት ይህን አይችልም። ፎስፈረስ ደም ውስጥ ሲከማች የሰውነት ሆርሞኖች ይዛባሉ፣ ካልሲየም ከአጥንት ይወጣል፣ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ካልሲየም ይጋገራል። ቆዳም ክፉኛ ያሳክካል። እዚህ ላይ ብዙ ታካሚ የማያውቀው ነገር አለ። ባቄላ፣ ምስርና ለውዝም ፎስፈረስ አላቸው፤ ነገር ግን ከእህልና ከጥራጥሬ ሰውነታችን የሚወስደው ብዙውን ጊዜ ከግማሽ በታች ነው። በፋብሪካ የተጨመረው ፎስፌት ግን አብዛኛው ይመጠጣል። ስለዚህ "ምስር ከለከሉኝ" እያለ የሚያዝን ታካሚ ቋሊማውን እየበላ ከሆነ፣ የተከለከለው ሌላ የሚጎዳው ሌላ ነው።

ማሸጊያው ላይ የፎስፈረሱ መጠን አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም። መለያው ስሙ ነው። በስሙ ውስጥ "ፎስ" የሚል ካለ፣ ወይም ከኢ 338 እስከ 341 እና ከኢ 450 እስከ 452 ያሉ ቁጥሮች ካሉ ለእናትዎ አይግዙት።

ሌላም ወጥመድ አለ። "ጨው የተቀነሰበት" የሚል ምርት አይተው ለእናቴ ይሻላል ብለው ይገዙ ይሆናል። ገልብጠው ያንብቡት። ብዙ ጊዜ በተራው ጨው (በሶዲየሙ) ቦታ ፖታሲየም ክሎራይድ (ኢ 508) ገብቷል። ለጤነኛ ሰው ይህ ጥሩ ለውጥ ነው። ለኩላሊት ታካሚ ግን ፖታሲየም ደም ውስጥ ከተከማቸ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል፤ ያውም ብዙ ምልክት ሳያሳይ። እንደ ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ያለ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አደጋው ይጨምራል። መድኃኒቱን ግን በራስዎ እንዳያስቆሟቸው። ብስኩት መቀየር የእርስዎ ሥልጣን ነው፣ መድኃኒት መቀየር ግን አይደለም።

ቋሊማው ላይ ለሁላችሁም የሚሆን አንድ ነገር ልበል። ኢ 250 የሚባለው ሶዲየም ናይትራይት ሥጋውን ሮዝ አድርጎ ያቆየዋል፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣውን ባክቴሪያም ያግዳል። ያ ሌላው ጥቅሙ ቀላል አይደለም። ነገር ግን የካንሰር ምርምር ኤጀንሲው በ2015 የተቀነባበረ ሥጋን ለካንሰር መነሻ ከሆኑት መድቦታል፤ በየቀኑ 50 ግራም መብላት የትልቁ አንጀት ካንሰር ዕድልን በ18 በመቶ ገደማ እንደሚያሳድግም ገምቷል። 18 በመቶው የሚሰላው ቀድሞ ከነበረው ዕድል ነው፤ ከመቶ ሰው 18ቱ ይታመማል ማለት አይደለም። አልፎ አልፎ መብላትና በየቁርሱ መብላት አንድ አይደሉም።

እናትዎን ለቀጣዩ ቀጠሮ ሲወስዱ የሚበሉትን የታሸገ ምግብ ሁሉ ማሸጊያውን በስልክዎ ፎቶ አንስተው ይሂዱ። የደም ፎስፈረስና ፖታሲየም መጠናቸው ስንት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ሐኪማቸው የትኛው ምግብ እንደሚቀነስ የሚወስነው በዚያ ነው። ከዚያ በፊት ድንገት ድካም ከበዛባቸው፣ ጡንቻቸው ከዛለ ወይም ልባቸው ያለወትሮው ከመታ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ያኑ ቀን ይውሰዷቸው። እርስዎም ብስኩቱን ትተው መነፋቱ ካልተወዎት፣ ወይም ክብደትዎ ሳይፈልጉ ከቀነሰ፣ ሰገራዎ ላይ ደም ካዩ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ካለ ለምርመራ ይምጡ። ያ የብስኩት ጉዳይ ላይሆን ይችላል።