ጢሮስን የጣላት ድልድሉ ነው ወይስ መርከቡ?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። ታላቁ እስክንድር ደሴቲቱን ጢሮስን የያዛት ባሕሩን ደፍኖ በእግር ገብቶ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። በዚያ ዘመን ባሕር በምን ይደፈናል? ደሴቲቱስ ዛሬ የት ናት?
አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር

መልስ፦ መድፈኑንስ ደፍኗል፤ የከተማዋ ግንብ የተሰበረው ግን ባሕሩን ደፍኖ በሠራው ድልድል በኩል ሳይሆን ከመርከብ ላይ ነው።

ከበባው የተጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ332 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ሲሆን ሰባት ወር ፈጅቷል። ደሴቲቱ ከየብሱ የምትርቀው ከ800 ሜትር አይበልጥም ነበር። እስክንድር በየብሱ ዳር የነበረችውን አሮጌዋን ጢሮስ አፍርሶ ድንጋዩን ወሰደ፤ ግንዱን ከሊባኖስ አስመጣ። (ሕዝቅኤል ምዕራፍ 26ን ያነበበ፣ ድንጋይና እንጨቷ ወደ ባሕር መጣሉ ትዝ ይለዋል።) ዳርቻው አካባቢ ውኃው ጥልቅ አይደለም፤ ሥሩ ጭቃ ስለሆነ ችካል በቀላሉ ይተከልበታል፣ ጭቃውም ድንጋዩን እንደ ምርጊት ያያይዘዋል። ወደ ደሴቲቱ ሲጠጉ ግን ጥልቀቱ 5 ሜትር ተኩል ያህል ደረሰ፤ ሠራተኛውም ከግንቡ ለሚወረወር ፍላጻ፣ ከግራና ከቀኝ ለሚመጡ መርከቦች ተጋለጠ።

እስክንድር በድልድሉ ጫፍ ሁለት የእንጨት ማማዎች አቁሞ እሳት እንዳይበላቸው ቆዳ አለበሳቸው። የጢሮስ ሰዎች መልስ ከከበባው ዘዴዎች ሁሉ የረቀቀ ነው። አንድ የፈረስ ማጓጓዣ መርከብ ወስደው ጭራሮ፣ ዝፍትና ድኝ ሞሉበት። አፍንጫው ቀና ብሎ ድልድሉ ላይ እንዲወጣ የኋላውን በከባድ ጭነት ዝቅ አደረጉት። ከፊት ባቆሟቸው ምሰሶዎች አግዳሚ ላይ እሳት የሚያባብስ ነገር የሞላባቸው ድስቶች አንጠለጠሉ። ነፋሱ ወደ ድልድሉ እስኪነፍስ ጠብቀው፣ ጎትተው አስጠግተው ለኮሱት። አግዳሚው ሲቃጠል ድስቶቹ ተገለበጡ፤ ቆዳው እንዲህ ያለውን ነበልባል የሚችል አልነበረም፤ ሁለቱም ማማዎች ነደዱ።

እስክንድር ድልድሉ እንዲሰፋ አዝዞ ወደ ሲዶና ሄደ፤ ባሕሩን ሳይዝ ከተማይቱን እንደማይዝ ገብቶታል። በ333 የፋርሱ ንጉሥ ዳርዮስ በኢሶስ ጦርነት በእስክንድር መሸነፉን የሰሙት የፊንቄ ከተሞች 80 ያህል፣ የቆጵሮስ ነገሥታት 120 ያህል መርከብ ይዘው ገቡለት። ሁለቱም የጢሮስ ወደቦች ተዘጉ።

በድልድሉ ትይዩ የነበረው ግንብ ግን አልበገር አለ፤ አሪያን የተባለው ጸሐፊ ቁመቱን 150 ጫማ ያደርሰዋል። ስለዚህ መደርመሻ የጫኑ መርከቦች ዙሪያውን ደካማ ቦታ ይፈልጉ ጀመር። የከተማዋ ሰዎች ከግንቡ ሥር ድንጋይ ጥለው ስለነበር መርከብ አይጠጋም። ድንጋዩን ለማውጣት መልሕቅ ሲጣል ደግሞ ጠላቂዎች ገመዱን ይቆርጡታል። ገመዱ በሰንሰለት ሲለወጥ ግን ቢላዋ ምን ያደርጋል! የደቡቡ ግንብ ተሸነቆረ፤ የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ባሕሩ ጸጥ ባለ ጊዜ ሽንቁሩን አስፍተው ከመርከብ ላይ መሸጋገሪያ ዘርግተው ገቡ። እንደ አሪያን አቆጣጠር 8000 ያህል የጢሮስ ሰው ሞተ፣ 30000 ያህል ለባርነት ተሸጠ።

ዛሬ ቦታው በደቡብ ሊባኖስ ያለችው ሱር ናት፤ ደሴት ግን አይደለችም። ደሴቲቱ ማዕበሉን ስለምትከልል ከጀርባዋ አሸዋ አስቀድሞ ይከማች ነበር፤ ለእስክንድር ሥራውን ያቀለለትም ይኸው ነው። ድልድሉ ከተሠራ በኋላ ደግሞ አሸዋው በሁለቱም ጎን እየተደረበ ከየብሱ ጋር አያያዛት።