ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቃል?

የጤና ዓምድ፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከአዲስ አበባ ዳር ዳር የደረሱንን አምስት ደብዳቤዎች መርጠናል። ሁሉም ኤች አይ ቪ ስለነካቸው ልጆችና ቤተሰቦች ነው። ከመጨረሻዋ ጸሐፊ፣ ከመምህርቷ፣ በቀር ጸሐፊዎቹን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ጉዳዩን ብቻቸውን ወይም ከሞላ ጎደል ብቻቸውን መያዛቸው ነው። መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ ምስጢር መሸከሙ ግን ዛሬም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነው። ስለዚህ በመልሶቻችን “ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቃል?” የምትል አንዲት ጥያቄ ብትመላለስ አይሰልቹ።

*ጥያቄ፦ ሽሮ ሜዳ የምኖር አያት ነኝ። እናትና አባቷ የሞቱባትን የልጅ ልጄን አሳድጋለሁ፤ 8 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ስለምትውል መድኃኒቷን ብቻዬን ሄጄ አመጣለሁ። አንዳንዴ ያስመልሳታል። የአስም መድኃኒት ነው ብያት ነበር፤ አሁን “አስም የለብኝም እኮ” እያለች ታስቸግረኛለች። እንጦጦ ጸበል ልወስዳትም አስቤ ነበር፤ መድኃኒቱን ማቆም አለባት የሚሉ አሉ።*

መልስ፦ እማማ፣ ጊዜ ስለማይሰጥ ከጸበሉ እንጀምር። አያቁሙ። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጋጩ በፓትርያርክነታቸው ዘመን በይፋ ተናግረዋል። ሱባኤ ከገባችሁ የቀኖቹን መድኃኒት ቆጥረው የ3 ቀን ትርፍ ይያዙ። መድኃኒቷ በባዶ ሆድም ከምግብ ጋርም ይወሰዳል። ሆኖም ጠዋት ብዙ ጸበል ጠጥታ የምታስመልስ ከሆነ የጠዋቱ መድኃኒት አብሮ ይወጣል። ወደ ማታ ማዞር ይሻላል፤ እንዴት እንደሚዞር ከመሄዳችሁ በፊት ነርሷን ይጠይቁ።

ከጸበሉ ይልቅ ያሳሰበን ብቻዎን መመላለስዎ ነው። የልጅ መድኃኒት የሚመጠነው በዕድሜ ሳይሆን በኪሎ ነው። ከ14 እስከ 19.9 ኪሎ ለሆነ ልጅ በውኃ የሚሟሟው ባለ 10 ሚሊ ግራም ዶሉተግራቪር የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት በቀን 2 ተኩል ፍሬ ነው፤ አብሮት የሚሰጠው ባለ 120/60 ሚሊ ግራም አባካቪር ላሚቩዲንም እንዲሁ 2 ተኩል። 20 ኪሎ ስትሞላ ዶሉተግራቪሩ ወደ አዋቂዎቹ ባለ 50 ሚሊ ግራም አንድ ፍሬ ይለወጣል፣ ሁለተኛው 3 ይሆናል። የ8 ዓመት ልጅ ብዙ ጊዜ እዚህ ወሰን አካባቢ ናት። እርስዎ ብቻ ሲሄዱ ሚዛን ላይ የሚወጣ የለም፤ እሷ ታድጋለች፣ መጠኑ እዚያው ይቀራል። ያነሰ መድኃኒት ደግሞ ቫይረሱ እንዲላመደው መንገድ ይከፍታል። ቢያንስ በየ3 ወሩ ይዘዋት ይሂዱ፤ ከትምህርት ሰዓት ውጪ የሚመች ቀጠሮ እንዲሰጥዎ ይንገሯቸው። የቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለው የቫይረሱ መጠን) ምርመራዋ መቼ እንደተሠራና ስንት እንደሆነም ይጠይቁ። ከ50 በታች ከሆነ መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ነው።

የሚሟሟውን ስታጠጧት ሁለቱንም በአንድ ብርጭቆ፣ 4 የሻይ ማንኪያ (20 ሚሊ ሊትር) ንጹሕ ውኃ ውስጥ ያሟሙት። በ30 ደቂቃ ውስጥ ትጠጣው። ከዚያ በብርጭቆው ትንሽ ውኃ አዙረው ያንንም ያጠጧት፤ ከሥር የሚቀረው ዝቃጭ መድኃኒት ነውና። ከጠጣች በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ካስመለሳት ሙሉውን ይድገሙት፤ ካለፈ ግን አይድገሙ። ተረስቶ ካደረና 12 ሰዓት ካላለፈው እንዳስታወሱ ይስጧት፤ ካለፈው በሚቀጥለው ሰዓቷ ይቀጥሉ። ሁለት ቀን የሚሆነውን በአንድ ቀን መስጠት ፈጽሞ አይደረግም።

“አስም የለብኝም እኮ” ማለቷ ልክ ነው፤ ትንፋሿ እኮ ደህና ነው። የውሸት ምክንያት የሚፈርሰው እንዲህ ነው፤ ሲፈርስ መድኃኒቱንም ይዞ ይወድቃል። በዚህ ዕድሜ ስሙን ሳይጠሩ እውነቱን መንገር ይቻላል፦ “በደምሽ ውስጥ የተኛ ጀርም አለ፣ መድኃኒቱ እንዳይነቃ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ደህና ሆነሽም ትወስጃለሽ።” ስሙን ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ፣ የክሊኒኩ አማካሪ ባለበት ብትሰማ ይመረጣል። ቀድማ ከጠየቀች ግን ቀድሞ ይነገር፤ ከክፍል ጓደኛ ወይም ከመድኃኒቱ ጠርሙስ አንብባ ከምትሰማው የእርስዎ ይሻላል። ያኔ መምጣቱ የማይቀር ጥያቄ “ከማን ያዘኝ?” ነው። መልሱን አሁን ያዘጋጁ፦ ከእናቷ በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም በጡት እንደተላለፈና ማንም ፈልጎ እንዳላደረገው። “ለማንም እንዳትናገሪ” ካሏት የሚያሳፍር ነገር ያለባት ይመስላታል፤ “ለማን እንደምንነግር አብረን እንወስናለን” ይበሏት። ከሰማች በኋላ ለሳምንታት ዝም ብትል ወይም መድኃኒቱን ብትገፋ አይቆጧት፤ ወደ አማካሪዋ ይመልሷት።

አሁን ያቺ ጥያቄ። እርስዎ ሦስት ቀን ቢተኙ ማን ያጠጣታል? ልጅዎም ይሁን የንስሐ አባትዎ፣ የሚያምኑት አንድ ሰው መጠኑን፣ ሰዓቱንና የክሊኒኩን ስልክ ይወቅ። የዚህን ሰው ስምም ክሊኒኩ ካርዷ ላይ ይጻፍልዎ።

*ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። መድኃኒት ከጀመርኩ 4 ዓመት ሆኖኛል። ወንድ ልጅ ከወለድኩ 3 ሳምንቴ ነው፤ ሲወለድ 3 ኪሎ ነበር። ባለቤቴ ሁሉን ያውቃል፣ እሱ ከቫይረሱ ነፃ ነው። ሊያርሱኝ የመጡት አማቴ ግን አያውቁም፤ ሕፃኑን ቅቤና የአብሽ ውኃ እናቅምሰው ይላሉ።*

መልስ፦ እህታችን፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፤ ውኃም ቅቤም አብሽም አይገባም። ሌላ ነገር ሲቀምስ ገና ያልጠነከረው የአንጀቱ ግድግዳ ይቆጣል፣ ቫይረሱ የሚያልፍበት በር ይከፈታል። ይህን ለአማትሽ የሚናገረው ግን አንቺ ሳትሆኚ ልጃቸው ይሁን። ምስጢር መግለጥ አያስፈልገውም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለእናት ሁሉ የምትመክረው ይህንኑ ስለሆነ “ሐኪም ከልክሏል” ቢል አልዋሸም። ቅቤውን አንቺ በገንፎው ብዪው፣ አማትሽም ደስ ይላቸዋል።

ሕፃኑ ሲወለድ ከ2.5 ኪሎ በላይ ስለነበር ቫይረሱ እንዳይዘው የሚሰጠው የኔቪራፒን ሽሮፕ በቀን አንዴ 1.5 ሚሊ ሊትር ነው። በሲሪንጅ ለኩት እንጂ በማንኪያ አትገምቺ። ያንቺ ቫይራል ሎድ ዝቅ ያለ ከሆነ በ6ኛው ሳምንት ያበቃል፤ ካልሆነ ሁለት መድኃኒት ታዞ እስከ 12 ሳምንት ሊረዝም ስለሚችል ውጤትሽን ዛሬውኑ ጠይቂ።

በ6ኛው ሳምንት ከተረከዙ ጥቂት ጠብታ ደም ተወስዶ በካርድ ላይ ደርቆ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ጊዜው ከ45 ቀን ክትባቱ ጋር ስለሚገጥም በአንድ መንገድ ይጨረስልሻል። በዚያው ቀን ሌሎች ኢንፌክሽኖችን የሚከላከለውን ኮትሪሞክሳዞል ሽሮፕ ይጀምራል፤ ነፃ መሆኑ እስኪረጋገጥ አይቋረጥም። ከ18 ወር በፊት በተራው ፈጣን ምርመራ “አለበት” ቢባል አትደንግጪ፤ ያንቺ ፀረ እንግዳ አካል ገና በደሙ ውስጥ ስላለ ያ ምርመራ አይለየውም። የመጨረሻው መልስ የሚታወቀው 18 ወር ሲሞላው፣ ጡት ያቆመው ዘግይቶ ከሆነም ካቆመ ከ3 ወር በኋላ ነው።

አራሶች የሚያልፏት አንዲት ነገር አለች፦ የደም ማነስ ክኒን። ብረትና ካልሲየም ዶሉተግራቪርን ይዘው እንዳይሠራ ያደርጉታል። ወይ ሁለቱንም ከምግብ ጋር ውሰጃቸው፣ ወይ ዶሉተግራቪሩን ከብረቱ 2 ሰዓት አስቀድመሽ ዋጪ። የጡትሽ ጫፍ ቢሰነጠቅ ወይም ጡትሽ ቢያብጥ እስኪድን በሌላኛው አጥቢ፣ የታመመውን አልበሽ ድፊ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

*ጥያቄ፦ ከመርካቶ አካባቢ ወደ ገላን ልንሄድ ነው። መድኃኒት የምንወስድበትን ክሊኒክ መቀየር አለብን? ኦሮሚያ ስለሆነ ይከለክሉናል?*

መልስ፦ ወሰኑ አያሳስብዎ፤ መድኃኒቱ በወዲህም በወዲያም በነፃ ይሰጣል። ከመሄድዎ በፊት የዝውውር ወረቀት ያጽፉ። የተጀመረበት ቀን፣ አሁን የሚወሰደው መድኃኒት፣ የመጨረሻው ቫይራል ሎድ ከነቀኑ፣ የቲቢ መከላከያ መውሰድ አለመውሰድዎ በወረቀቱ ይኑር። ወረቀቱ ቢዘገይም መድኃኒቱ አይቆይ፤ ባዶ ጠርሙሱንና ካርዱን ይዘው አዲሱ ክሊኒክ ይግቡና ቀድሞ ወደነበሩበት እንዲደውሉ ይጠይቁ። ሁኔታው የተረጋጋ አዋቂ የ6 ወር መድኃኒት በአንዴ ስለሚወስድ፣ ጎረቤት እንዳያየው ፈልጎ ከድሮው ክሊኒክ ቢቀር አንነቅፈውም። ሕፃን ግን በቅርብ ይታይ።

*ጥያቄ፦ አስኮ የምኖር ነኝ። ወንድሜና ሚስቱ አረፉ። የ11 እና የ4 ዓመት ልጆቻቸው እኔ ጋ ናቸው። ዘመድ ዕቃውን ሊካፈል ይላል። ከየት ልጀምር?*

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከኤች አይ ቪ የደም ምርመራ ይጀምሩ፤ ሁለቱንም በዚህ ሳምንት። ትልቁ ደህና መምሰሉ ዋስትና አይደለም፤ ከወሊድ ይዟቸው ምልክት ሳያሳዩ ከ10 ዓመት በላይ የሚቆዩ አሉ።

ቀጥሎ ወረቀት። ሞት በ30 ቀን ውስጥ በወረዳው ወሳኝ ኩነት ይመዘገባል። የሞት ምስክር ወረቀቱን፣ የልጆቹን የልደት ማስረጃና ምስክሮችዎን ይዘው ለአሳዳሪነትና ለሞግዚትነት (ልጆቹን ለማሳደግና ንብረታቸውን ለማስተዳደር) ለከተማው ፍርድ ቤት ያመልክቱ። ኑዛዜ ከሌለ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213/1992) የሚያስቀድመው አያቶችን ነው፤ ቀጥሎ አካለ መጠን የደረሱ ወንድምና እኅት፣ ከዚያ አጎትና አክስት። ስለዚህ አያት በሕይወት ካሉ መስማማታቸውን ይዘው ይቅረቡ፤ አለዚያ ቀጠሮው ይጓተታል። በኦሮሚያ በኩል የምትኖሩ በክልሉ የቤተሰብ ሕግ ስለምትዳኙ የወረዳችሁን ፍርድ ቤት ጠይቁ። የወራሽነት ማስረጃውንም አብረው ያውጡ። ወንድምዎ ጡረታ የሚቆረጥለት ሠራተኛ ከነበረ ለልጆቹ የሚከፈል አበል አለ።

ለዘመድ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፦ ዕቃው የልጆቹ ነው። ቤቱን ሞግዚቱ እንኳ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መሸጥ አይችልም። ያለውን ሁሉ የዕድር ዳኛው ባለበት ዘርዝረው ያስፈርሙ። ዩኒፎርምና ደብተር ብለው አይጨነቁ፣ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከምገባው ጋር በነፃ ይሰጣል።

እዚህም ያቺ ጥያቄ አለች፤ ከልጆቹ አንዱ ቫይረሱ ከተገኘበት ባለቤትዎ ይወቁ። ምግብ ሲያቀርቡ መድኃኒቱንም የሚሰጡት እሳቸው ይሆናሉና።

*ጥያቄ፦ ለገጣፎ መምህርት ነኝ። ቫይረሱ አለበት የሚባል ተማሪ በእረፍት ሰዓት ወድቆ ደማ። ወላጆች ከክፍል ይውጣ አሉ።*

መልስ፦ አይወጣም። አብሮ በመቀመጥ፣ በመጫወት፣ በአንድ ዕቃ በመብላት አይተላለፍም። “የሚባል”ን ደግሞ ትምህርት ቤቱ ማጣራት የለበትም፤ ስለማንኛውም ልጅ የሚደረገው ጥንቃቄ አንድ ነው። ጓንት ይጠለቅ፣ ከሌለ ሁለት ፌስታል በእጅ ላይ ይደረግ። ቁስሉ በውኃና በሳሙና ታጥቦ ይሸፈን። መሬት ላይ የፈሰሰው ደም በጨርቅ ወይም በወረቀት ከተነሣ በኋላ ባለ 5 በመቶ በረኪና አንዱ እጅ በ9 እጅ ውኃ ተበርዞ ይፍሰስበትና 10 ደቂቃ ይቆይ። የተበረዘው ሲያድር ኃይሉ ስለሚደክም በየቀኑ አዲስ ይበረዝ።